«ልጄ ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» ስለ ልጆች የኢንተርኔት አጠቃቀምና ስለ ቤት ውስጥ ኑሯችን የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ቤት የምገባው ከምሽቱ 1፡30 ገደማ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያድር ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከእናቴ ጋር ይቆያሉ። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ በቴሌግራም ስለሚልክ ለልጄ ስልክ ገዛንላት። እኔ እቆጣለሁ፣ አባቷ በመጣ ቁጥር ዳታ ይሞላላታል፣ እናቴ ደግሞ ዝም ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የማታውቀው ሰው ሌሊት ሌሊት ሲጽፍላትና ፎቶ ላኪልኝ ሲላት እንደነበር ከጓደኛዋ እናት ሰማሁ። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም። ስልኩን ልንጠቃት ወይስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ውድ እህቴ፣ በልጆችና በቤተሰብ ምክር አገልግሎት ላይ ለብዙ ዓመታት ስሠራ ከአራት ኪሎ እስከ ጨርቆስ ካሉ ወላጆች የእርስዎን የሚመስል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልኛል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ስልኩን ስለ መንጠቅ ብትጠይቅም፣ ከእሷ በፊት ያለችው «ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም» የምትለው ትበልጥብኛለች፤ አብዛኛው ምላሼም የሚያጠነጥነው በእሷ ላይ ነው። አስቀድሜ ግን ጊዜ የማይሰጠውን ጉዳይ ላንሳ።

ስልኩን አይንጠቁ። ልጅዎን ለብቻዋ፣ ወንድሟና አያቷ በሌሉበት ያነጋግሯት። መነሻዎ ጥያቄ ባይሆን ይመረጣል፤ «ማን ነው? ምን ብለሽ መለስሽለት?» ብለው ከጀመሩ ምርመራ ይመስላታል። «የሚጽፍልሽ ሰው እንደነበረ ሰምቻለሁ። ያጠፋው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። በዚህ ምክንያት ስልክሽን አልወስድብሽም። አብረን እናየዋለን» ይበሏት። ይህን ከተናገሩ በኋላ ግን ቃልዎን መጠበቅ ይኖርብዎታል፤ በማግስቱ ስልኩን ከወሰዱባት ሁለተኛ ጊዜ የሚነገር ነገር አይኖርም። «ማን ነገረሽ?» ብትልዎ አይዋሿት፤ ጓደኛዋ ስለተጨነቀችላት እንደተናገረችና መናገሯም መልካም እንደሆነ ያስረዷት፣ አለበለዚያ ሁለቱ ልጆች ይቀያየማሉ።

መልእክቶቹ መጥፋት የለባቸውም። ሰውየውን ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት የተጻጻፉትን፣ የተጠቀመበትን ስምና ቀኑን በስክሪን ሾት አስቀምጡ፤ ከዚያ ለመተግበሪያው ሪፖርት አድርጉና ብሎክ አድርጉት። በቴሌግራሟ የግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ግሩፕ የሚያስገቧትም የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርጉ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸምን እንዲህ ያለ ድርጊት በጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ ስለዚህ ሰውየው የወሲብ ነገር ጽፎ ወይም ፎቶ ጠይቆ ከሆነ ማስረጃውን ይዘው በፖሊስ በኩል ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል የመሄድ ሙሉ መብት አለዎት። ምናልባት ልጅዎ ፎቶ ልካ ከሆነ፣ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናትን የሚመለከተው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው «ቴይክ ኢት ዳውን» የተባለ ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልኳ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ባሉ ተባባሪ መድረኮች ላይ እንዳይሰራጭ ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጅዎ ያልነገረችዎ ስለማትወድዎ ወይም ስለማታምንዎ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ድርጅት ኤክፓት ስለ ኢትዮጵያ ያወጡት ጥናት ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች አነጋግሮ ነበር፤ በኢንተርኔት በኩል ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል ብዙዎቹ ለማንም ሳይናገሩ ቀርተዋል፣ የተናገሩትም ከፖሊስና ከእርዳታ መስመር ይልቅ በአብዛኛው ለቅርብ ሰው ነው። የእርስዎ ልጅ ለጓደኛዋ ነግራለች፤ ፈጽሞ ዝም ካሉት ልጆች ጋር ሲነጻጸር አንድ እርምጃ ቀድማለች ማለት ነው። የቀረው ያንን ወሬ ወደ ቤት የሚያመጣ መንገድ ነው፤ መንገዱ የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው ስልኩ ላይ ባለ ማስተካከያ ሳይሆን በቤታችሁ የዕለት ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማየት የቤታችሁን ሰዓት አብረን እንቁጠር። ልጆቹ 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይገባሉ ብንል፣ እርስዎ እስኪመጡ ሦስት ሰዓት ተኩል አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስልኩ ያለው በልጅቷ እጅ ነው፤ በቤቱ ያሉት አንዲት ትልቅ ሰው ደግሞ ስልኩ ምን እንደሚሠራ በቅጡ አያውቁም። ከ1፡30 በኋላ እርስዎ ቀኑን ሙሉ በእግርዎ ቆመው ውለው ይገባሉ፤ እራት አለ፣ የነገ ምሳ ዕቃ አለ፣ የትንሹ ልጅ ደብተር አለ። ከልጅዎ ጋር ስለ ስልኳ የሚነጋገሩት በዚህ መሐል ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ «አሁንም እሱ ላይ ነሽ?» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ባለቤትዎ ሲመጡ ደግሞ ናፍቀዋታል፣ ናፍቃቸዋለች፤ ያለቻቸውን አንድ ምሽት በቁጣ ሊያሳልፏት ስለማይፈልጉ ዳታ ይሞሉላታል። በዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁላችሁም ትወዷታላችሁ። ነገር ግን ከሦስት ትልልቅ ሰዎች ሦስት የተለያየ ሕግ ስለሚደርሳት፣ ሕጉ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ታይቶ የሚለዋወጥ ሆኖባታል።

ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ማጥናት የጀመሩት ገና በቴሌቪዥን ዘመን ነው። ሆላንዳዊቷ ፓቲ ቫልከንበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 የወላጆችን አያያዝ በሦስት ከፈሉት፤ ሕግ አውጥቶ መገደብ፣ ስለሚታየው ነገር መወያየትና ማስረዳት፣ አብሮ ተቀምጦ ማየት። ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ ከበደ፤ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነበር፣ ስልኩ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቷ ሶንያ ሊቪንግስተንና ባልደረቦቿ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ከ6 እስከ 14 ዓመት ልጆች ያሏቸውን 6,400 ወላጆች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ውጤት በተለይ ለእርስዎ የሚጠቅም ይመስለኛል። ልጆቻቸውን በብዛት የሚገድቡ ወላጆች ልጆች በኢንተርኔት የሚገጥማቸው አደጋ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚያገኙት ጥቅምም የዚያኑ ያህል አነስተኛ ነው። እየደገፉና እያነጋገሩ የሚያስጠቅሙ ወላጆች ልጆች ደግሞ ብዙ ይማራሉ፣ ብዙ ይሠራሉ፤ አደጋም በዚያው ልክ ይገጥማቸዋል። ይህን የማነሳው ላስፈራራዎ ፈልጌ አይደለም። መደገፍን የመረጠ ወላጅ አደጋው አንድ ቀን ሊመጣ እንደሚችል አውቆ፣ በመጣ ዕለት ልጁ ሮጦ ወደ እሱ የሚመጣበትን ቤት አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት ለማለት ነው። የአውሮፓ ቤተሰብ ኑሮ እንደኛ ባይሆንም ይህን ነገር በልደታም ሆነ በካዛንቺስ በየቤቱ አየዋለሁ።

ታዲያ አንዱን ወላጅ ወደ መገደብ፣ ሌላውን ወደ መደገፍ የሚወስደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የወላጁ የኮምፒዩተር ዕውቀት ይመስለዋል። እሱ ድርሻ አለው፤ የበለጠ ክብደት ያለው ግን ቤተሰቡ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ የሚነጋገርበት ልማድ ነው። ጃክ ማክሊዮድና ስቲቨን ቻፊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቦችን በሁለት መለኪያ ማየት ጀመሩ፤ አንደኛው ልጆች ሐሳባቸውን ምን ያህል በነፃነት ይናገራሉ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የትልቅን ቃል ምን ያህል መቀበል ይጠበቅባቸዋል የሚል ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ መታዘዝም መነጋገርም ያለበት ቤት አለ። ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ግን በሁለተኛው የበረታ፣ በመጀመሪያው የሳሳ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ጓዳ ይገባል፤ ትልቅ ሲናገር ልጅ አቀርቅሮ ያዳምጣል። ልጅ ለትልቅ ላስረዳ ሲል «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ተብሎ አፉ ይዘጋል። ይህ ተረት በምጥ ጉዳይ እውነት ነው፤ በቴሌግራም ጉዳይ ግን የምታውቀው ልጅቷ ናት። የምታውቀውን ለእናቷ ማስተማር ነውር የሆነባት ልጅ፣ የማታውቀው ነገር ሲገጥማት እናቷን ለመጠየቅም አፏ አይፈታም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ።) እሷ ስታወራ ልጁ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው። እናቱ ወደ እሱ ዞር ባለች ቁጥር ስክሪኑን ሳያየው በአውራ ጣቱ ያጠፋዋል፤ ወደ እኔ ስትመለስ መልሶ ያበራዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይህን ከአሥር ጊዜ በላይ ሲያደርግ አየሁ፤ እጁ የለመደው ነገር ስለሆነ እሱም ልብ ያለው አልመሰለኝም። እናቱ ሌሊት አስነዋሪ ነገር እንደሚያይ እርግጠኛ ነበረች። ለብቻችን ስንሆን እንዲያሳየኝ ለመንኩት፣ አሳየኝም። የተበላሸ ስልክ እንዴት እንደሚፈታና ስክሪን እንዴት እንደሚቀየር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸረ ሲያስረዳኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ታዲያ ለምን ትደብቃለህ?» አልኩት። «ምን እንደማይ አትጠይቀኝም፤ ስልክ ይዤ ካየችኝ ትቆጣለች» አለኝ። ቁጣው በይዘቱ ላይ ሳይሆን በስልኩ ላይ ሲሆን ልጁ ክፉውንም ደጉንም አንድ ላይ ይደብቃል፤ እናትየውም ልጇ ምን ጎበዝ እንደሆነ የማየት ዕድሏን አጣች። እስከ ዛሬ ያ አውራ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም።

ወደ እናትዎ ልመለስ፣ ምክንያቱም በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ቃል ያለፏቸው እሳቸው ናቸው። «ዝም ትላለች» ብለዋል። በእኔ ግምት ዝምታቸው ግድ ካለመስጠት የመጣ አይደለም፤ በማያውቁት ነገር ላይ ሥልጣን እንደሌላቸው ስለሚሰማቸው ነው። ቀድሞ በሰንጋ ተራም ሆነ በካዛንቺስ ግቢ ውስጥ አንዲት አያት ብቻዋን ልጅ አትጠብቅም ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ይወጣል ይገባል፣ ማንኛዋም እናት የማንንም ልጅ ትቆጣለች፣ ወሬውም ሳይመሽ ቤት ይደርሳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል፤ ከዚያም በፊት ኮንዶሚኒየም የገባው ሰው በሩን ዘግቶ መኖር ለምዷል። ያ የጎረቤት ዓይን ሲጠፋ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት አረጋዊት ላይ ወደቀ። የልጅዎን ጉዳይ የነገረችዎ የጓደኛዋ እናት መሆኗን ልብ ይበሉልኝ፤ የድሮው ዓይን ከተረፈበት አንዱ ቦታ እሷ ናት። አመስግነው ያጥብቋት፣ ቡና ይጥሯት።

ለእናትዎ ሥልጣናቸውን ለመመለስ ቴሌግራም ማስተማር አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ቡና ያፈሉ የለ? የቤት ሥራው የሚታየው ያኔ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ይሁን። ልጅቷ መምህሯ የላከውን ጮክ ብላ ለአያቷ ታንብብላቸው፣ የሚያስቅ ነገር ስታይም «ምን አሳቀሽ?» ይበሏትና ታሳያቸው። እሳቸው የሚጽፍላትን ሰው ማንነት መመርመር አይጠበቅባቸውም፤ ጥያቄያቸው ከልብ ከሆነ ብቻ ይበቃል። አያት ሲጠይቁ ልጅ እንደ ምርመራ አይቆጥረውም፤ ይህ እኔና እርስዎ የሌለን ዕድል ነው።

ከባለቤትዎ ጋር ደግሞ ልጆቹ በሌሉበት መነጋገር ይኖርባችኋል፣ ቢቻል በሚመጡበት ቀን ሳይሆን ከመምጣታቸው በፊት በስልክ። «አንተ ነህ ያበላሸሃት» በሚል ከተጀመረ ወሬው ስለ ልጅቷ መሆኑ ይቀርና ስለ እናንተ ይሆናል። ዳታ መሙላታቸው ከሩቅ የሚኖር አባት እጁን የሚዘረጋበት መንገድ መሆኑን ተቀብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ አሞላሉን ተስማሙበት። በየመጡበት ከሚሞሉላት በወር አንድ ጊዜ፣ በሁለታችሁ ስም፣ መጠኑ የታወቀ ፓኬጅ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ነገር አለ፤ የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ብር ለመቆጠብ ተብሎ የሚሞላለት ልጅ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሁሉም ሰው ተኝቶ ነው። ሰውየው ይጽፍላት የነበረው ሌሊት ነው ብለዋል፤ የምትጠቀመው የትኛውን ፓኬጅ እንደሆነ ያጣሩ። ባለቤትዎ ከመንገድ ሲደውሉም «እናትሽን አታስቸግሪ» ብለው ከሚዘጉ፣ በዚያ ቀን ያየችውን አንድ ነገር ቢጠይቋት ወይም በቴሌብር ገንዘብ ሲልኩ የሚቸግራቸውን እንድታሳያቸው ቢለምኗት ብዙ ይሠራል።

ድካምና የኑሮ ውድነት በዚህ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ሳላነሳ ባልፍ ለእርስዎ ፍትሐዊ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አዮዋ የግብርና ቀውስ ላይ የነበሩ ቤተሰቦችን ያጠኑት ራንድ ኮንገርና ባልደረቦቻቸው፣ የገንዘብ ጭንቀት በቀጥታ ልጁን ከመንካቱ በፊት ወላጆቹን እንደሚያስጨንቅ፣ ባልና ሚስቱን እንደሚያጋጭና በመጨረሻም የወላጅን አያያዝ ሻካራ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ማታ ማታ የሚቆጡት ክፉ እናት ስለሆኑ አይደለም። ስለዚህ በሌለዎት ጉልበት ላይ የቆመ ምክር አልሰጥዎም። የምጠይቅዎ በሳምንት ሁለት ምሽት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ከእራት በኋላ፣ ከልጅዎ ጎን ተቀምጠው፣ እሷ የመረጠችውን እያሳየችዎ። በእነዚያ ደቂቃዎች ምክር አይስጡ፣ ተሳስታ ቢያዩም ለሌላ ቀን ያቆዩት። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ቪዲዮ ነው የምታሳይዎ፣ እየፈተነችዎ ስለሆነ፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ምሽት በኋላ ነገሩ ይለወጣል።

ሌሊት የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ሁሉ ስል የእርስዎንም ጭምር ነው፤ የእናቷ ስልክ መኝታ ቤት እያደረ የእሷ ብቻ ሳሎን ከቀረ ቅጣት ይሆንባታል። መቆጣጠሪያ መተግበሪያዎችም አሉ፤ የጎግል «ፋሚሊ ሊንክ» እና የቲክቶክ የቤተሰብ ማገናኛ ለሰዓትና ለይዘት ገደብ ያገለግላሉ። ከፈለጉ እያወቀች፣ አብራችሁ ጫኑት። ሳታውቅ የሚጫን መሰለያ ግን የተገኘ ዕለት ይህን ሁሉ ድካም ያፈርሰዋልና አልመክርም።

ስለ ትንሹ ልጅዎ አልጠየቁኝም፤ ግን ወጥ እስኪወጠወጥ ዝም እንዲል የአያቱ ስልክ እንደሚሰጠው እገምታለሁ፣ በብዙ ቤት የማየው ነውና። በእሱ ዕድሜ የዩቲዩብን የተገደበ አማራጭ ከፍቶ መስጠትና ከአያቱ አጠገብ እንዳይርቅ ማድረግ ለጊዜው ይበቃል። እህቱን ጠባቂው አያድርጓት፤ የራሷ ጉዳይ ይበቃታል። እሱ ገና ያየውን ሁሉ እየሮጠ መጥቶ የሚያሳይበት ዕድሜ ላይ ነው። ማታ ደክሞዎት ሲገቡ በሩ ላይ «እማዬ፣ ይህን እዪ» ሲልዎ፣ ቦርሳዎን እንኳ ሳያስቀምጡ ቢሆን፣ ቆም ብለው ይዩለት።